የአቶ በበክር የደመወዝ ክስ

ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ጠላቴ ማንጎ ሆኗል። ግቢዬ ጥግ ያለው ዛፍ ዘንድሮ ከመጠን በላይ አፍርቶ፣ ዓይኔን ከመክደኔ አንዱን ጣሪያው ላይ ይለቅብኛል። እዚህ አሶሳ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ባምባሲ ያሉ ውሾች ይጮኻሉ ብል፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ውሻ ብጨምር ነው። ባለቤቴ «ዛፉን አስቆርጠውና ተኛ» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ አንዱ ወድቆ፣ በቆርቆሮው ላይ ተንከባሎ ተንከባሎ መሬት ሲመታ፣ ቀኝ እጄ ሳላዘው ተነሥቶ አየር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ብዕር እንደያዘ ሰው እጅ። እንደዚህ ማድረግ የእኔ ልማድ አልነበረም። የአቶ በበክር ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት ካለፈኝ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ክልሉ ደግሞ ከእኔም ያነሰ ሕፃን ነበር። ከአዲስነቱ የተነሣ ቀለሙ እጅ ይነካ ነበር ማለት ይቻላል። አሶሳ የአውራጃ ከተማ ሆና አድራ በማግሥቱ ዋና ከተማ ነሽ ስትባል፣ ከኃላፊዎቹ ሁሉ ይልቅ ሥራ የበዛበት የየቢሮውን ሰሌዳ የሚጽፈው ሠዓሊ ነበር። ለእኛ ቢሮ የተሰጠው ቤት ቀድሞ የሠፈራው ፕሮግራም የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ማሽላ ማሽላ ይሸታል፤ አይጦቹ መንግሥት መለወጡን የነገራቸው ስላልነበረ እንደ ድሮው ይመላለሳሉ። ወንበሩ ከሠራተኛው ያንሳል፤ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፤ የዘገየ ቆሞ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ሰዓት በማክበር የሚስተካከለን መሥሪያ ቤት በአገሩ አልነበረም። መኪናችንም አንድ ነበረች፤ ተነድታ ከሄደችው መንገድ ተገፍታ የሄደችው ይበልጣል።

እኔ የወሎ ሠፋሪ ልጅ ነኝ። ድርቁ ከቀያቸው ነቅሎ አሶሳ ዙሪያ ከተከላቸው ቤተሰቦች አንዱ የእኛ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በመዝገብ ቤት ረዳትነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሚገባውን ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠትና ማኅተም መምታት ነበር። ማኅተሙን በፍቅር ነበር የምመታው፤ ጠረጴዛው እግሩን እስኪያጥፍ። አለቃዬ አቶ በበክር ከጀርባዬ ቆመው፣ «ያ ወሎ፣ ወረቀት ነው፤ እባብ አይደለም» ይሉኝ ነበር፤ «ያ» በዐረብኛው «አንተ» ማለታቸው ነው።

አቶ በበክር የበርታ ሰው ናቸው፤ መንጌ በኩል ካለች መንደር የተወለዱ። ከአውራጃው ዘመን ጀምረው ጸሐፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኩሩ ሰው። ዓርብ ዓርብ በነጭ ጀለቢያቸው ላይ ግራጫ ኮት ደርበው ሲገቡ፣ የቢሮው ኃላፊ ራሳቸው ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ ይሉላቸው ነበር። አማርኛ ለእሳቸው ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሲናገሩ ወንድና ሴት፣ አንድና ብዙ አይለዩም፤ ሚስታቸውንም ላማቸውንም «እሱ» ነው የሚሉት። ብዕር ሲያነሡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከእጃቸው የሚወጣው አማርኛ ከንፈሩን ጠርጎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እጅ ነሥቶ ነው የሚገባው። ዕድሜ ልካቸውን የሹማምንት ደብዳቤ ሲገለብጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ሹማምንቱ የእሳቸውን መገልበጥ ጀመሩ። ይህንንም ያውቁታል። ልክን ማወቅ የሚባለው ጠባይ በጭራሽ አላስቸገራቸውም።

«ይህ ደብዳቤ ጫማ የለውም» ይሉኛል ረቂቄን በሁለት ጣታቸው አንሥተው።

«ምን ጎደለው፣ ጋሽ በበክር?»

«‹ከሰላምታ ጋር› የት ሄደ? በባዶ እግር አዲስ አበባ ልትልከው ነው? እዚያ ያሉ ሰዎች ምን ይላል?»

ከቢሮው ጀርባ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረ። በሚያዝያና በግንቦት ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁላችንም እንበረግጋለን፤ ገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ ሥር እስከ መግባት ይደርስ ነበር። አቶ በበክር ብቻ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አንሥተው አየር ላይ ያቆሟታል። ማንጎው ተንከባሎ መሬት እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ከዚያ ካቆሙበት ፊደል ይቀጥላሉ።

ኃላፊያችን ከመተከል የመጡ ጨዋ ወጣት ነበሩ። ስብሰባ ግልገል በለስ ሲጠራ፣ ዓባይን አቋርጦ የሚያገናኝ ቀጥተኛ መንገድ ስላልነበረ፣ ወለጋን አልፈው፣ አዲስ አበባ ገብተው፣ በጎጃም ዞረው ነበር የሚደርሱት። በአንድ ክልል ውስጥ ስብሰባ ለመቀመጥ ግማሽ ኢትዮጵያን ይጎበኛሉ። ሲመለሱ ጠረጴዛቸው ላይ የተቆለለው ወረቀት ሰውየውን ከነወንበራቸው ይሰውራቸዋል። ታዲያ ቀይ ብዕራቸውን ያወጡና በየወረቀቱ ትከሻ ላይ «ለአቶ በበክር፤ ተገቢው መልስ ይዘጋጅ» እያሉ ይመራሉ። ይህ ምሪት ይባላል። ምሪት የተጻፈበት ወረቀት በእኛ ዘንድ የታዘዘ ሥራ ነው፤ አይመለስም፣ አያድርም። ከዚያ መጋዘን የወጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ የኃላፊው ፊርማ ይኑርበት እንጂ፣ የአቶ በበክር ነበር።

በዚያ በጋ አቶ በበክር ዕድገት አገኙ። የአስተዳደር አገልግሎት ኃላፊ ተባሉ። ከመንደራቸው ተወልዶ «ኃላፊ» የተባለ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ፤ ወሬው መንጌ ደርሶ ከመንጌ ወደ መንደሯ ለመግባት ከሬዲዮ ቀድሟል። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ በአይሱዙ ተጭነው አሶሳ ገቡ፤ ፍየል፣ በቅል የተሞላ ማር፣ አንድ ጆንያ ማሽላ ይዘው። እኔም ተጠራሁ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ፤ ከዚያ ቀይ ከርከዴ በብርጭቆ። ስንት ጊዜ እጄን እንደሰደድኩ አልናገርም፤ የአቶ በበክር የእህት ልጅ ሐዋ ግን ከአጠገቤ ተቀምጣ «አንተ ወሎ፣ ድርቁ ገና አልለቀቀህም እንዴ?» አለችኝ። ሐዋ ከአጎቷ ጋር ሆና አሶሳ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ነበረች። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። ምላሷ ላይም እንደዚያው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው በበርትኛ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሐዋ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

«የመንደራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ልጆቹ ወንዝ ወርደው ወርቅ ያጥባሉ፤ አሁን ግን ከተማ ውስጥ ሰው አለን፣ ነው የሚሉት።»

አቶ በበክር ተነሡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ስድስተኛን የጨረሰ ሁሉ ይምጣ፤ ቤቴ ቤቱ ነው አሉ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። በወሩ ሰፋ ያለ ቤት ተከራዩ፤ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቆሙ የቀርከሃ አልጋዎች አሠሩ፤ ልጆቹም መጡ። ማታ ማታ ያ ቤት በማባዣ ሰንጠረዥ ይናወጥ ነበር። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲሉት መንገደኛ ቆሞ ያዳምጣል፤ ሐዋ ደግሞ እንደ አለንጋ ቀጭን እንጨት ይዛ በመካከላቸው ትንጎራደዳለች።

ደመወዝ ሲወጣ ግን አቶ በበክር የተሰጣቸው የድሮው ነበር። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው።

«ጋሽ በበክር፣ ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«እኔ አደግኩ» አሉ። «ደመወዙ ግን ገና አልሰማም።»

ገንዘብ ያዡን ጠየቁ፤ በጀት የለም ተባሉ። ለኃላፊው አመለከቱ፤ ኃላፊው አዘኑ፣ ከልባቸው አዘኑ፣ በጀት ግን የለም አሉ። የማሽላው ጆንያ እያለቀ ሄደ። የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ ላምባ፣ ሳሙና፤ ያ ሁሉ ልጅ የሚበላው በድሮው ደመወዝ እንደማይዘለቅ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም፤ እኔ ሒሳብ ስለማልችል ነው። በመጨረሻ አቶ በበክር ቢሮውን ከሰሱ። ዕድገት ያገኘ ሠራተኛ የአዲሱን መደብ ደመወዝ ሊያገኝ ይገባዋል ብለው፣ የሠራተኛ ክርክር ለሚያየው አስተዳደር ፍርድ ቤት ክሳቸውን አቀረቡ። ከማስገባታቸው በፊት ክሱን አነበቡልኝ። ክስ ሳይሆን ጌጥ ነበር።

«ቢሮው ምን ይመልሳል?» አልኩ።

«‹በጀት የለም› ነዋ። እሱ ደግሞ ዳኛ ፊት አይቆምም። እግር የለውም። ኢንሻአላህ በክረምት ልጆቹ ብርድ ልብስ ይገዛል።» ልጆቹ ይገዛላቸዋል ማለታቸው ነበር።

መጥሪያው ከነክሱ ቢሮ ሲደርስ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቁጥር ሰጠሁት፤ ማኅተሜን መታሁ፤ ቁልሉ ላይ አኖርኩት። ኃላፊው ከግልገል በለስ የተመለሱት በዚያው ሰሞን ነው። ዓይናቸው በአቧራ ቀልቶ፣ ወገባቸውን በአንድ እጅ ደግፈው፣ ቀዩን ብዕር አወጡ። ማታ ወረቀቶቹን ልበትን ስወስድ ክሱን አየሁት። ትከሻው ላይ በቀይ «ለአቶ በበክር፤ ተገቢው መልስ ይዘጋጅ» ይላል።

ሣቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የሣቅሁበት ጊዜ የለም፤ የሣቅኩት ሣቅ መጋዘኑን ከአይጥ አጽድቶታል። ወረቀቱን እያውለበለብኩ ወደ አቶ በበክር ሮጥኩ። እሳቸው አነበቡት። አልሣቁም። አጥፈው ከሌሎቹ ሥራዎች ጋር አስቀመጡት።

«ተሳስተው ነው፤ ልመልስላቸው» አልኩ።

«ምሪት ነው።»

«ጋሽ በበክር፣ የከሰሱት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የጻፈው።»

ወደ ኃላፊው ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ነገረ ፈጅ የሚባል ሰው ቢሮው አልነበረውም፤ መደቡ ወረቀት ላይ አለ፤ ሰው የለበትም። ከዚያ «እሺ፣ ሌላ ማን ይጻፈው? አንተ ትጽፈዋለህ?» አሉኝ። ሁለታችንም ጫማ የሌላቸውን ደብዳቤዎቼን አስታወስን። «ለሳቸው ተወው» አሉ በመጨረሻ። «ያሉትን ይበሉ፤ እፈርማለሁ።» አሁን ሳስበው መንገዱን እየከፈቱላቸው ነበር። ደካማ መልስ ይጽፋሉ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ፤ ይፈረድላቸዋል ማለታቸው ነበር። ይህንኑ ለአቶ በበክር ነገርኳቸው። በደስታ ነበር የነገርኳቸው።

እሳቸው ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፈው ራሳቸው ቀደዱት። «በጀት የለም» የሚል ነበር።

«ለምን ቀደዱት? ደግ መልስ ነው» አልኩ።

«ደካማ ነው።»

«ደካማ ይሁና። ለእኛ የሚበጀው እሱ ነው።»

ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ያ ወሎ፣ ቢሮው እኔን አምኖ ሰጠኝ። እኔ አውቄ ደካማ ጽፌ ካሸነፍኩ፣ ያ ገንዘብ ሐራም ነው። ሐራም ለልጆች አላበላም።» ከዚያ ትንሽ አሰቡና ፂማቸውን እየነኩ ጨመሩ፤ «ደግሞ ዳኞቹ ያነበዋል። ‹ይህ ቢሮ ጸሐፊ የለውም› ይላል። ወላሂ ይህን አልችልም።»

ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚበልጥባቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

«አይዞህ» አሉኝ። «ክሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ክሱ ይበልጣል።»

እንግዲህ ያን ሰሞን ሰውየው ከራሳቸው ጋር ግብግብ ገጠሙ። ጠዋት እንደ ቢሮ ያስባሉ፤ ማታ ቤታቸው እንደ ከሳሽ። አንድ ከሰዓት በኋላ ማንጎ ወደቀ። ብዕሯ ተነሥታ አየር ላይ ቆመች። ማንጎው ተንከባለለ፤ መሬት ደረሰ፤ ብዕሯ ግን አልወረደችም። ቀና ስል ፊታቸው በርቷል። ወንዝ ውስጥ ቆሞ ወርቅ ያየ ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው።

«አገኘሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ያገኙት ይህ ነው። ክልሉ አዲስ ስለሆነ የብዙ ሥራ መደቦች የደመወዝ ደረጃ ገና ተጠንቶ አልጸደቀም ነበር። ለእሳቸው የተሰጣቸው መደብ ስም አለው፤ ደረጃ ግን የለውም። ደረጃው ባልጸደቀ መደብ ላይ ይህን ያህል ደመወዝ ይገባኛል ማለት አይቻልም። ይህን ገንዘብ ያዡ አላሰበውም፤ ኃላፊውም አላሰቡትም። ከእሳቸው በቀር ሊያስበው የሚችል ሰው ከኩርሙክ እስከ ማንኩሽ፣ በክልሉ ሁሉ አልነበረም።

«ጋሽ በበክር፣ ይህን አይጻፉት» አልኩ። ቀልዴ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ በቀስ ወረደ። ያገኙት ነገር የማን እንደሆነ ያኔ ነው የገባቸው። ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ጻፉት። ማንጎዎቹም እስኪጨርሱ ድረስ አልወደቁም።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ቢሮውን ወክሎ የሚቀርብ ሰው ታጣ። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ወባ ያዘው። ጤነኛ ሆኜ የተገኘሁት እኔ ብቻ በመሆኔ ውክልናው ተጻፈልኝ፤ የጻፉት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም። ጠዋት ቤታቸው ስሄድ አቶ በበክር ግራጫውን ኮታቸውን ሰጡኝ።

«ቢሮ በሸሚዝ አይቀርብም» አሉ።

እጅጌው ጣቶቼን ውጦ ነበር። እሳቸው በጀለቢያ ብቻ ወጡ። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ጃንጥላው አንድ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቀዩን ጭቃ ተያያዝነው። በየመንገዱ ዳር ሴቶች ርሶ የሚያብረቀርቅ የቀርከሃ ቡቃያ ይሸጣሉ። አቶ በበክር በመንገድ ላይ ያስጠኑኛል። «ዳኛው ‹ዕድገቱ ለምን ተሰጠ?› ካለህ፣ ‹ሥራው እንዳይበደል› በል። እጅህን ኪስ አትክተት። ‹ክቡር ዳኛ› በል።» እኔን አሸናፊ አድርገው ሊያቀርቡኝ ይተጋሉ፤ እኔ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ሰምጬ ብቀር ደስታዬ ነበር።

ፍርድ ቤቱም አዲስ ስለነበር የሚሰየመው ከትምህርት ቤት በተዋሰው ክፍል ውስጥ ነው። የሕፃናት ወንበር ላይ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችንን ነካ። ከዳኞቹ ጀርባ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያላለቀ ክፍልፋይ አለ። ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጥያቄ ጠየቁኝ። ጠፋብኝ። የተጠየቅሁትን እንኳ አልሰማሁም። አቶ በበክር ከጎኔ ጎንበስ ብለው «የመልሱን ተራ ቁጥር ሦስት በል» አሉ በሹክሹክታ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወረዱ። «አቶ በበክር፣ ከሳሽ ነዎት ወይስ ተከሳሽ?»

አቶ በበክር ተነሥተው ጀለቢያቸውን አስተካከሉ። «ክቡር ዳኛ፣ ሁለቱንም ነኝ። ከቤት ስመጣ ከሳሽ ነኝ። ቢሮ ስገባ ተከሳሽ ነኝ።»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ቆቡን አፉ ላይ አድርጎ ሣቀ። ዳኞቹም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ በዚያች ቅጽበት እንዲህ ያሳቀ ሰው የሚፈረድበት አልመሰለኝም።

ለፍርድ የተቀጠርነው በሐምሌ ነበር። በዚያም ቀን በአንድ ጃንጥላ ሄድን። ዳኛው ሲያነቡ መጀመሪያ ክሱን ዘረዘሩ፤ ከዚያ ወደ መልሱ መጡ። ተከሳሹ መሥሪያ ቤት ያቀረበው መልስ ግልጽ፣ የተሟላና በሚገባ የተዘጋጀ ሆኖ አግኝተነዋል አሉ። አቶ በበክርን አየኋቸው። ፈገግ ብለው ነበር። ደረታቸው ተነፍቷል፤ አገጫቸው ከፍ ብሏል፤ ዘወር ብለው ሰማህ ወይ እንደማለት አዩኝ። ያን ፈገግታ ለመርሳት ብዙ ደክሜያለሁ። ምክንያቱም ዳኛው ትንፋሽ ወስደው «በመሆኑም» ሲሉ፣ ፈገግታው ገና ፊታቸው ላይ ነበር፤ የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ቆየ።

ክሱ ውድቅ ሆነ።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ጃንጥላውን አጥፈው እንደ ምርኩዝ ያዙት። ኃላፊው በማግሥቱ ነገሩን ሲሰሙ ቢሯቸውን ዘግተው ዋሉ ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን በመንገድ ላይ ይግባኝ እንበል እያልኩ ነዘነዝኳቸው።

«ይግባኝ ስል መልሱን ማን ይጽፋል?» አሉኝ።

ሁለታችንም ሣቅን።

ልጆቹ ክረምቱን ወደየቤታቸው አልሄዱም ነበር፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል። አቶ በበክር ወደ መንደር እንደሚመለሱ የነገሯቸው መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። ቤቱን ለባለቤቱ መልሰው ወደ ድሮዋ ትንሽ ቤት ሊገቡ ሆነ። ሐዋ ግን ድሮም እሳቸው ጋር የነበረች ልጅ ናት፤ ለእሷ የሚሆን ቦታና ጉርሻ ጠፍቶ አያውቅም። እሷስ ትቆያለች ብዬ ነበር። የእሷም ሳንዱቅ ከሌሎቹ ጋር በር ላይ ተቀምጦ ሳየው ተናደድኩባቸው።

«ሐዋን ለምን? ስምንተኛን ልትጀምር አይደለም እንዴ?»

«የሰው ልጅ ልኬ የእህቴን ልጅ አስቀርቼ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት በምን ዓይን ልቁም?» አሉ። «ሐዋ ጎበዝ ነው። አውቃለሁ። ሁሉም ይሄዳል፤ ኸላስ፣ በቃ።»

የገበያ ቀን ነበር። የመንጌዋ አይሱዙ ጨውና ሳሙና ጭና፣ በጭነቱ ላይ ሰው ትጭናለች። ቢጫ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። የአቶ በበክር ሚስት ለልጆቹ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ እያንዳንዳቸው እጅ ላይ ታስቀምጣለች። አቶ በበክር ከመኪናው ወዲያ በኩል ሆነው ገመድ ያጠብቃሉ። ያ ገመድ ቀድሞም ጠብቆ ነበር። እኔ የሐዋን ሳንዱቅ ተሸክሜ ወደ ላይ ስሰጣት ተቀበለችኝና ቁጭ አለችበት። ላስቃት ፈልጌ «አሁን ማን ይሰድበኛል?» አልኳት። አልሣቀችም።

«ቢሮው ጠበቃ አምጥቶ ነው አጎቴን ያሸነፈው አሉ» አለች። «አንተም እዚያ ነበርክ። ጎበዝ ሰው ነው?»

ከመኪናው ወዲያ ያለው ገመድ መንቀሳቀሱን አቆመ።

«ጎበዝ ነው» አልኩ።

«ልጆች አሉት?»

ቀልድ ከአፌ የማይጠፋ ሰው ነኝ። «አሉት» ነው ያልኳት።

«እሱ ልጆቹን ያስተምራላ» አለች፤ ሻሿንም አጥብቃ አሰረች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ አቶ በበክር ገመዱን እንደያዙ ጥቂት ተራመዱ፤ ከዚያ ለቀቁት። አቧራ ገና አልተነሣም፤ መሬቱ እርጥብ ነበርና መኪናዋ ከዓይን የጠፋችው ቆይታ ነው። ልጆቹ እስከ መጨረሻው ይታዩ ነበር።

የዚያ መደብ ደረጃ ከጊዜ በኋላ ጸደቀ፤ ያኔ ወንበሩ ላይ የነበረው ሌላ ሰው ነው። አቶ በበክር በድሮው ደመወዝ ጡረታ ወጥተው፣ የቀርከሃ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ለጎረቤት ሰጥተው፣ እዚሁ አሶሳ አረፉ። ሐዋ ወርቅ ስታጥብ ከረመች ተባለ፤ ከዚያ አግብታ ኩርሙክ በኩል ገባች ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። ከልጆቹ ወደ ትምህርት የተመለሰ ይኑር አይኑር አላውቅም። አላውቅም ስል ጠይቄ አጥቼ አይደለም፤ መልሱን ስለምፈራ ነው እንጂ የመንጌ ሰው በየገበያው ይገኛል።

እኔ በዚህ ከተማ በጨዋታ አዋቂነት ነው የምታወቀው። ሻይ ቤት ስገባ ወጣት ሠራተኞች ወንበር ይስቡልኝና የአቶ በበክርን ክስ ንገረን ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ወንበሩን፣ አይጡን፣ ምሪቱን፣ ኮቱን፣ አንዱን ጃንጥላ፤ እንደ አየሩ ጠባይም ትንሽ ትንሽ እጨምርበታለሁ። «ከቤት ስመጣ ከሳሽ ነኝ፣ ቢሮ ስገባ ተከሳሽ ነኝ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ጠረጴዛው ይናወጣል፤ አንዳንዱ እንባውን ይጠርጋል። ሁልጊዜ እዚያ ላይ አቆማለሁ። ከሣቁ በኋላ ምን ተፈረደ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ አቶ በበክር ያሸነፉ ይመስላቸዋል። ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ዕድገት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ ሣቃቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው ቢገቡ ምን ቸገረኝ እላለሁ። እነሱ ተነሥተው ይሄዳሉ። እኔ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ እቆያለሁ።